ብርቱካን ይዤ ወደ ሬክስዴል

ከፓርክዴል ሬክስዴል ሄዶ መመለስ ምኑ ይጻፋል የሚለኝ አይጠፋም። እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ ነው፤ እኔ ግን በስምንት ወር ሦስቴ ብቻ ነው የሄድኩት። ዛሬ አራተኛዬ ነበር።

የምሄደው የእናቴ ወንድም ጋሽ ታደሰ ዘንድ ነው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። የቤት ለቤት እንክብካቤ የሚመድበው ቢሮ የተመደበላቸውን ሰዓት እንደገና ሊያይ ስለሆነ «ናና አስተርጉምልኝ፣ ተራ ነገር ነው» ብለው ኮል አደረጉልኝ።

በመጀመሪያው ግምገማም አስተርጓሚው እኔው ነበርኩ። ያን ቀን ጋሼ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከራባት አስረው ጠበቁን። ከቢሮው የመጣችው ገምጋሚ «ገላዎን ብቻዎን ይታጠባሉ?» ስትል «ምን ሆኜ! ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝም» አሉ። እኔም ደረቴን ነፍቼ «በእኛ ባህል ሽማግሌ አይጣልም፤ ቤተሰብ በየቀኑ አለ» ብዬ ጨመርኩበት። እሷም ጻፈች። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻ ተመደበላቸው።

ብሉር ላይ

ብሉር ጎዳና ላይ ወርጄ ከሀበሻ ሱቅ በስድስት ዶላር አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዛሁ። ባለሱቁ «ታማሚ ልትጠይቅ ነው?» አለኝ። «አይ፣ አጎቴ ጋ ነው» አልኩት። ከዚያ በባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ኪፕሊንግ ድረስ፣ ከኪፕሊንግ ደግሞ ወደ ሰሜን በአውቶቡስ።

አውቶቡስ ውስጥ

የመጋቢት በረዶ በመንገዱ ዳር ጠቁሮ ተቆልሏል። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሂጃብ የለበሰች ሴት «ሀበሻ ነህ አይደል?» አለችኝ። ፋጡማ ትባላለች፤ የደሴ ልጅ ናት። ሥራዋ በየቤቱ እየዞሩ አቅመ ደካሞችን ማጠብና ማልበስ ነው።

«ቢሮው ሰዓት ይመድባል፤ ሥራውን ለኤጀንሲ በኮንትራት ይሰጣል፤ ኤጀንሲው እኔን ይልካል» አለችኝ። «ሰዓቴ ካለቀ፣ ሰውየው ካልሲ ሳያጠልቅም ቢሆን ወደሚቀጥለው እሮጣለሁ።»

«ለምን ሰዓት አይጨምሩም?»

«ቤተሰብ አለ ከተባለማ ማን ይጨምራል! አሁን የምሄድላቸው ሽማግሌ ፋይላቸው ቤተሰብ በየቀኑ ይመጣል ይላል። ወላሂ አንድም ቀን አላየሁም! ባለፈው ጠዋት ስገባ ሻወር ቤት ወድቀው አገኘኋቸው። እዚያው ነው ያደሩት። ሪፖርት አደረግኩ፤ ለዚያ ነው ዛሬ ከቢሮው ሊያዩዋቸው የሚመጡት።»

ጆሮዬ ጋለ። መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን አላፍርም፣ «እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ዘመድ ነው?» አልኳት።

ሁለታችንም አንድ ፌርማታ ላይ ወረድን። አንድ ሕንፃ ውስጥም አብረን ገባን። አሳንሰሩ ውስጥ አስራ አንደኛ ፎቅን ተጭና «አንተስ?» አለችኝ። «እዚያው» አልኩ። ብርቱካኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ በሩን ማየት ጀመረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሼ ቤት

«ፋጡማ፣ ይሄ የእህቴ ልጅ ዳኒ ነው» አሉ ጋሼ። ዛሬም ሱፍና ከራባት። የኮታቸው ቁልፍ ግን ተዛንፎ ተቆልፏል፤ ጫማቸውን ያለካልሲ ነው የተጫሙት።

ገምጋሚዋ መጣች፤ ያችው ናት። ተቀምጣ «ቤተሰብ በሳምንት ስንቴ ይመጣል?» ስትል፣ እኔ ሳልተረጉም ጋሼ ቀደሙኝና «ኤቭሪ ዴይ» አሉ።

የእኔን ገመና መሸፈናቸው ነው። አገሩን እንደረገጥኩ ሁለት ዓመት ሶፋቸው ላይ ሲያስተኙኝም ለአንድ ሰው አላወሩብኝም። ፋጡማ አቀርቅራ ጓንቷን ታጠልቃለች። ዝም ብል ሰዓቱ እንደነበረ ይቀጥላል፤ እሳቸውም ዳግም ይወድቃሉ።

«በየቀኑ አልመጣም» አልኳት ገምጋሚዋን። «በስምንት ወር ሦስቴ ነው የመጣሁት። ያኔ የነገርኩሽ ውሸት ነው።» አስተርጓሚ ነኝና ለጋሼም በአማርኛ ደገምኩላቸው። እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም።

«በሰው ፊት አዋረድከኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ገምጋሚዋ በየቀኑ ጠዋት ሰው እንዲላክ እንደምትጠይቅ ነገረችን። ኤጀንሲው ሰው እስኪያገኝ ግን ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። «እስከዚያ ማን አለ?» አለች።

«እኔ» አልኩ። ብዕሯን ይዛ ትንሽ አየችኝ። ብታምነኝ ነበር የሚገርመኝ።

ገምጋሚዋ ስትሄድ ለጋሼ ካልሲ ላደርግላቸው ተነሳሁ። የት እንደሚቀመጥ አላውቅም። ፋጡማ መሳቢያውን በእጇ አሳየችኝ። ተንበርክኬ ሳጠልቅላቸው ጋሼ እግራቸውን አልነፈጉኝም፤ ግን አላዩኝም። ስወጣ በሩ ላይ ከረጢቱን መልሰው ሰጡኝ።

«ብርቱካንህን ያዝ። ብርቱካን ይዞ የሚመጣ እንግዳ ነው።»

መልስ

አመሻሽ ላይ ፓርክዴል ገባሁ። «እኛ አለን» ማለት ለእኔ አፍ ቀላል ነበር፤ ሻወር ቤት ወለል ላይ ያደሩት ግን እሳቸው ናቸው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ለመማር ጊዜ ፈጀብኝ።

ከረጢቱ ሳይፈታ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ነገ ጠዋት ባዶ እጄን ነው የምሄደው። ካልሲው ከአልጋው አጠገብ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው።