ለአንድ ጣውላ የሚበቃ ጣቢያ

ሬይመንድ ፒከርሲል እንግሊዝ አገር፣ ዳርሊንግተን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በሥራ ዘመኑ ማታ ማታ ሻዩን ጠጥቶ በመሰላል ወደ ቆጡ ይወጣ ነበር። ከጣሪያው ሥር፣ ጎንበስ ብሎ በሚሄድበት ቦታ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረው በአሻንጉሊት መጠን የተሠራ የባቡር ዓለም ነበረው፤ ዋሻ፣ ድልድይ፣ ብዙ መስመር የሚገናኝበት ትልቅ ጣቢያ። ሚስቱ ዶሪን መሰላል ስለምትፈራ አንድም ቀን ወጥታ አላየችውም።

ከዚያ ዶሪንን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ ምላሷም ከበዳት። ደረጃ ያለበት ቤት ስለማይሆናት ከማዘጋጃ ቤት ምድር ላይ ያለች ጠባብ ቤት ተሰጠቻቸው። ዕቃ ሲያነሱ የሞዴል ባቡር ክበብ ጓደኛው ዊልፍ ክሌግ ሊያግዝ መጣ። ትልቁ ጣቢያ በቆጡ ቀዳዳ አልወርድ ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ሬይመንድ እጁን ጠራርጎ ወረደና ለዶሪን ሾርባ አሞቀላት።

በአዲሱ ቤት ቀኑ የሚያልቀው እሷን በማንሳት፣ በማጠብና በማልበስ ነው። ወገቡ አለቀ። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ እሷ ስታሸልብ፣ ሐዲዱ የት እንደሚበቃ ለመለካት ጋዜጣ በሐዲድ ቅርጽ እየቆረጠ ወለሉ ላይ ይዘረጋል። መጀመሪያ መተላለፊያውን አሰበ፤ ግን ለመሞከር በጣውላ ፋንታ ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የዶሪንን ተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋ ካርቶኑ ተቀደደ፤ ክርኗ ቢሆን ኖሮስ? ወጥ ቤቱም ለጠረጴዛ እንኳ አልበቃ ብሏል።

ዊልፍ ሊጠይቃቸው መጥቶ ወለሉን አየና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ከተማውን ሁሉ እዚህ ካልጨመርኩ ብለህ እኮ ነው» አለው። «አንድ መስመር፣ ተሳፋሪ የሚወርድበት አንድ መድረክ፤ አለቀ።»

«ምኑን ባቡር ሆነው ታዲያ? ሄዶ መመለስ ብቻ።»

«እኛስ ሌላ ምን እየሠራን ነው?»

ዊልፍ ከሄደ በኋላ ሬይመንድ የጋዜጣውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ ሊጥለው ሲል ዶሪን ከአልጋዋ ጠራችው።

«ሬይ፣ እዚህስ?» በግራ እጇ ከአልጋዋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አሳየችው። «ተኝቼ ስውል የማየው እሱን ነው።»

«ድምፁ ይረብሽሻል።»

«ያን ሁሉ ዓመት ከአናቴ በላይ ሲንኳኳ ሰምቼዋለሁ።» ቃሉ እስኪመጣላት ቆየች። «አሁን ደግሞ ልየው።»

ሬይመንድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ ፉርጎ እንኳ አውርዶ አሳይቷት እንደማያውቅ ትዝ አለው።

ዕቅዱን እንደገና ጀመረ። ግድግዳው ላይ የሚገጠመው ጣውላ ከስንዝር ብዙም አይሰፋም፤ አንድ መስመር፣ አንድ መድረክ፣ ጫፉ ላይ ባቡሩ ገብቶ የሚደበቅበት ከቁምሳጥኑ ኋላ ያለ ክፍተት። በትራሷ በኩል ኮረብታ ሊያደርግ ነበር፤ እሷ ግን ኮረብታው ወደ እግርጌ ሄዶ ጣቢያው እዚያ ይሁን አለች፤ የሚወርዱትን ሰዎች ማየት ትፈልጋለች። ተኝታ እንድታየው ጣውላው ዝቅ ማለት ስላለበት ሬይመንድ የሚሠራው ተንበርክኮ ነው፤ ሲነሳ የአልጋውን ብረት ይዞ ያቃስታል። ከድካም የተነሳ እጁ ሙጫ የማይይዝበት ቀን ነበር፤ ሳይነካው የሚያልፍ ሳምንትም ነበር። ክረምቱ በዚህ አለፈ።

ሐዲዱ ሲያልቅ ኮረብታው ገና ቀለም ያልተቀባ ነጭ ጀሶ ነበር። ሬይመንድ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን በግራ እጇ ሥር አደረገላት። ባቡሩ ከቁምሳጥኑ ኋላ ብቅ አለና እየተንገጫገጨ መጥቶ መድረኩን አለፈው።

«ተሳፋሪዎቹን አለፍሻቸው። በዝናብ ቆመው ሲጠብቁሽ» አላት።

«ይታገሱ» አለች። መልሳ አመጣችውና መድረኩ ላይ አቆመችው።

እሱ ስቆ ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው፤ ጫማውን እንዳደረገ ወንበሩ ላይ አሸለበ። ዶሪን ጥቂት አየችውና ባቡሩን በዝግታ ነድታ ከቁምሳጥኑ ኋላ አስገባችው፤ ከዚያም አጠፋችው።