ሳይበርድ የወጣ ብርጭቆ

ባለፈው እሁድ የታላቅ እህቴ የአልማዝ አማት የእማማ በላይነሽ አርባ ነበርና ሲልቨር ስፕሪንግ ተሰብስበን ነበር። ምሳ ላይ አንዷ ዘመድ፣ «አልማዝዬ፣ ያንን ብርጭቆ የሰበርሽበት ቀን ትዝ ይልሻል?» ብላ ቤቱን አሳቀችው። እኔ ግን ጉርሻዬን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ነው። እዚሁ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር፣ ሙሴ ፓውሎ የሚባሉ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ዘንድ ብርጭቆ መንፋት እማር ነበር። ነጫጭ የብርጭቆ ዘንጎችን እንደ እርሳስ ደርድረው፣ በእሳት አላልተው ሲጠመዝዟቸው፣ መስመሩ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ነጠላ ጥለት ይዞራል። ላዩ ላይ ስስ የወርቅ ቅጠል ያለብሱትና ሲነፉት ደግሞ ወርቁ እንደ ጤፍ ይበተናል። ወርቅ እሳት ውስጥ! መጀመሪያ ያየሁ ቀን «በስመ አብ!» ብዬ ጮኬያለሁ።

ያኔ አልማዝ ልትታጭ ነው፤ እማማ በላይነሽ ግን «ገዷ አላማረኝም» ብለው አስቸግረዋል። ልጃቸው ለምኖ ለምኖ፣ ቅዳሜ ምሳ ቤታችን ሊመጡ ሆነ። እኔም ልባቸውን ባለሰልስ ብዬ አርብ ጠዋት አንድ ወፍራም የአበባ ማስቀመጫ ነፋሁ። ሙሴ ፓውሎ ቀስ እያለ የሚያበርደው ምድጃ ውስጥ ከተቱትና፣ «እስከ ሰኞ እንዳትነኪው። ላዩ ቢበርድም ውስጡ አይበርድም» አሉኝ።

ሰኞ ምን ያደርግልኛል? ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ዞር ሲሉልኝ በጋቢ ጠቅልዬ ይዤው ውልቅ አልኩ። ውጪው በረዶ ነበር።

አልማዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ለእማማ በላይነሽ ስታቀርብላቸው፣ ቷ! አለና እጇ ላይ ፈነዳ። እንዲሁ በራሱ!

እማማ በላይነሽ ብድግ አሉ። «ኧረ የማርያም ያለህ! ምን ያለ ገድ ነው? የየትኛዋ ገደ ቢስ እጅ ነው የሠራው?»

ሳይበርድ አውጥቼው ነው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አልወጣኝም።

«ከጠረጴዛው ጋር አጋጭቼው ነው እማማ፣» አለች አልማዝ፣ ጣቷ እየደማ። «ዝርክርክ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እጀ ሰባራ!» አሉና ተቀመጡ። ጋብቻው ተረፈ። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ አንድ ሲኒ እንኳ አምነው አላስያዟትም።

ባለፈው እሁድ የአርባው እንግዳ ሲሄድ ኩሽና ገብቼ፣ «አልሚዬ፣ ያ ብርጭቆ እኮ በኔ ጥፋት ነው የፈነዳው። ሳይበርድ ነው ያወጣሁት» አልኳት።

ሳህን ማጠቧን አላቆመችም። «አውቃለሁ። እጄ ላይ ይሞቅ ነበር እኮ። አንቺን ገደ ቢስ ከሚሉሽ ብዬ ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት ደበቅኳት ስል፣ ለካ እሷ ናት እኔን ደብቃኝ የኖረችው።