የአምስት ፉርጎ ማያያዣ

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከድሬዳዋ የተላከልኝን ካርቶን ጅግጅጋ መናኸሪያ ከሚኒባስ ሾፌር ተቀበልኩ። ውስጡ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ጎማዎችና ሁለት ዓይነት ማያያዣዎች ነበሩ። ሻጩ በስልክ «ሁለቱንም ሞክሪያቸው፤ ያልፈለግሽውን ትመልሻለሽ» ብሎኛል።

የማስተምርበት ኮሌጅ ቅዳሜ ዐውደ ርዕይ ነበረው። እኔ በሽንሌ በኩል ያልፍ የነበረውን የድሮውን ባቡር አሳንሼ እየሠራሁ ነበር፤ በባትሪ የሚሄድ አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ከስስ ጣውላ የተሠሩ አምስት ፉርጎዎችና ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ሞላላ ሐዲድ። የኮሌጁ ዲን፣ ባቡሩ ከሄደ ለእንግዶቹ የማስረዳው እኔ እንደምሆን ነገረኝ። ካልሄደ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ጽሑፍ ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼ ፊት እንኳ አብዛኛውን የምናገረው ወደ ሰሌዳው ዞሬ ነው።

ጎማውን መምረጥ ቀላል ነበር። የፕላስቲኩ የሐዲዱ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ይዘላል። የብረቱ ግን ከበድ ስለሚል ሐዲዱን ይዞ ጸጥ ብሎ ይንከባለላል። የብረቱን ገጠምኩ።

ማያያዣው ላይ ብዙ ቆየሁ። አንዱ ጠቅ ብሎ የሚጋጠም ነው፤ ፉርጎዎቹን አጥብቆ ይይዛል፣ ክፍተት አይተውም። ሌላው መንጠቆና ሦስት ቀለበት ያላት ሰንሰለት ነው፤ ይንጠለጠላል። ንጹሕ ሥራ ስለመሰለኝ ጠቅ የሚለውን መርጬ በማስቲሽ አጣበቅሁት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የእናቴ ወንድም እኔ ቤት መጣ። ጉልምስናውን ፉርጎ ሲያያይዝ ያሳለፈ ሰው ነው። በሶማሊኛ «አብቲ» እለዋለሁ፤ በእኛ ልማድ አጎት የሚጠራበትን ስም ለእህቱ ልጅ ስለሚመልስ፣ እሱም እኔን «አብቲ» ይለኛል።

ሎኮሞቲቩን አስነሳሁለት። ጮኸ፤ ጎማው እዚያው ዞረ፤ ባቡሩ ንቅንቅ አላለም።

«አብቲ፣ ይኼ ባቡር ነው አጥር?»

«ምን ሆኖ ነው?»

ጣቱን በሁለት ፉርጎዎች መሐል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገባለትም። «አምስቱንም በአንዴ ተሸከም ብለሽዋል። ግመል እንኳ ጭነት ይዞ ሲነሳ መጀመሪያ የኋላ እግሩን ነው የሚያነሳው። ባቡርም ማያያዣው ከላላ መጀመሪያ አንዱን ይጎትታል፣ ያኛው ሲነቃነቅ ሁለተኛውን። ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል። እኛ መሐል ገብተን ስናያይዝ ሆን ብለን እናላላው ነበር።»

«ሰንሰለቱ ያስጠላል። ይንጠለጠላል።»

«ሠርግ ልትልኪው ነው?»

ሰንሰለቱ እግሬ ሥር ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ለመቀየር አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን ካርቶኑን በእግሬ ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፋሁት። ባቡሩ አለመሄዱ እንዳላስከፋኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለ ቆመ ባቡር አስረጂ የሚለኝ የለም።

«በቃ ቆሞ ይታያል» አልኩት።

አጎቴ የካርቶኑን መገፋት አይቷል። «መጀመሪያ ቀን ፉርጎ መሐል ግባ ሲሉኝ» አለ፣ «ጫማዬ ጠበበኝ ብዬ ሸሸሁ።»

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ሰበብ እንዳላገኝ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። የሽንሌ ድንጋይ በቀትር! ቂል ነበርኩ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ማያያዣውን ሳይነካ፣ አድርጊም አታድርጊም ሳይለኝ አሱር ሊሰግድ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቼ የተጣበቁትን ማያያዣዎች በቢላዋ ጫፍ አላቀቅሁ። ሁለቱ ተሰበሩ፤ ከእንግዲህ የሚመለሱ አይደሉም። ሰንሰለቶቹን አላልቼ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩና ማብሪያውን ተጫንኩ። የመጀመሪያው ፉርጎ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አምስተኛው ሲነሳ ሎኮሞቲቩ ኩርባው ጋ ደርሶ ነበር። ሦስት ጊዜ እስኪዞር ጠበቅሁና ለዲኑ ደወልኩ።

«ይሄዳል» አልኩት። «የማስረዳውም እኔ ነኝ።»