በሻንጣ ፈንታ እናቴ

ባሌ የሱቆችን ሚዛን እየዞረ የሚፈትሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «ግራም» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት አንድ ሥጋ ሻጭ ነው፤ በንዴት ነው ያወጣለት፤ እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁለትም። ባሌ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲል ተመዝኖ ይሄዳል፣ ተቆርጦ ሲመለስ ደግሞ ይመዘናል። የተጫጨን ሰሞን «ምኔን ወደድክልኝ?» ብዬ ብጠይቀው «አታጋንኚም» አለኝ። ሙገሳ መስሎኝ አገባሁት።

ቤታችን ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ብስክሌቱን ነው። ከተማው ካለቀበት ጀምሮ ጫካውንና ኮረብታውን እየዞረ እስከ ሐይቁ የሚወርድ፣ መኪና እንኳ የሚፈራው የጠጠር መንገድ አለ። ግራም በዚያ መንገድ ሄዶ ሐይቁ ዳር ድንኳን ለመትከል ከተጋባን ጀምሮ ሲዘጋጅ ኖሯል። ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ሰንሰለቱን ፈትቶ በጋዝ ያጥባል፣ የጎማውን ኩሽኔታ ግሪስ ቀብቶ ይገጥማል፤ በሳምንቱ ብስክሌቱ ከሳሎን ሳይወጣ እንደገና ይፈታዋል። ጭነት እንዳይበዛበት ብሎ የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆርጦታል፤ የሸሚዙንም ኪስ ተርትሮ ጥሏል። በዚህ መልክ ያቀለለውን ግን በመለዋወጫ ይመልሰዋል። ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ ፔዳል፣ ትርፍ የፍሬን ገመድ፣ የትርፉም ትርፍ አለው። ይህ ሁሉ የታጨቀባቸውን ሁለቱን የብስክሌት ሻንጣ ስጠርግ ላነሳቸው ሞክሬ ወገቤን ይዤ ተቀምጫለሁ።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ እኛ ጋ ናት። አላለቀሰችም፣ አልጋ ላይም አልዋለችም፤ ብቻ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መብላት ተወች። ሾርባ አቀርብላታለሁ፤ ቀመስ ታደርግና «ይበቃኛል ልጄ» ብላ ሳህኑን ትገፋዋለች። ሐኪሙ «በሽታ የለባቸውም፣ ይብሉ» አለ። ይብሉ ማለት ለሱ ቀላል ነው። እኔ ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ሾርባው ላይ አልቅሻለሁ። ቀሚሷ እየሰፋት ሲሄድ ሳይ እናቴን ዓይኔ እያየ ላጣት ነው ብዬ ፈራሁ።

እንዲህ ባለንበት ጊዜ ነው ግራም ብስክሌቱን ሙሉ ጭነት ጭኜ ጠጠር ላይ ልሞክረው ያለው። ሻንጣዎቹን እንዳያቆሽሽ ሳስቶ መጀመሪያ አሸዋ በጆንያ ጫነ። ሞክሮት ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«አሸዋ አይናገርም» አለኝ። «የቱ ጋ እንደሚንኳኳ የሚነግረኝ ጭነት ነው የሚያስፈልገኝ።»

ከዚያም ዞር ብሎ እናቴን አያት። እስከዚያ ቀን ሁለቱ «እንደምን አደሩ፣ እንደምን አደርክ» ከመባባል አልፈው አያውቁም። ባሌ ግን ዓይኑን በጨው ታጥቦ ፊቷ ቆመና «እማማ፣ ይቅርታዎን፣ ስንት ኪሎ ነዎት?» አላት።

ጉድ ፈላ አልኩ በሆዴ። ለሠርጌ የገዛሁት ትልቁ ድስት ውስጥ ብደበቅ ደስ ባለኝ። እናቴ ትክ ብላ አየችው።

«ለምንህ ነው?»

«ለብስክሌቱ።»

ከመስኮቱ ሥር አልነሳም ብላ የኖረችው ሴትዮ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች። የእህል መጋዘኑ ሚዛን ላይ ወስዶ አቆማት፤ ግራም ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አየና የጎደለ ሚዛን እንዳገኘበት ሱቅ አንገቱን ነቀነቀ። «ከሻንጣዎቹ ትንሽ ያንሳሉ፣ እማማ።»

«የጎደለውን በድንጋይ ሙላው» አለች እናቴ።

«ድንጋይ ጭንዎ ላይ ይንሸራተታል። ቢበሉልኝ ነው የሚሻለው።»

የዚያን ዕለት እናቴ ሾርባዋን ጨርሳ ዳቦ ጨምሪልኝ አለች። አፌን ከፍቼ ሳያት «ለራሴ እንዳይመስልሽ፤ ለብስክሌቱ ነው» አለችኝ። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ። ያን ያህል ስለምናት ለብስክሌት ታንሻለሽ ማለት እንዴት አልመጣልኝም!

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ይዟት ይወጣ ጀመር። የኋላው ዕቃ መጫኛ ላይ ትራስ አሰረላት፣ ለእግሯ ማሳረፊያ እንጨት ገጠመላት። እሷም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ጎኗን ሰጥታ ትቀመጣለች። ጎረቤት በየበሩ ወጥቶ «ሰውዬው አማቱን ወዴት ነው የሚወስዳት?» ይላል። የሚገርመው ጆሮዋ ነው። «አንተ ልጅ፣ ከኋላ በግራ በኩል የሆነ ነገር ይጮሃል» ትለዋለች፤ ይወርድና የጎማውን ሽቦ ያጠብቃል። «አሁንስ እማማ?» «አሁንማ ፍሬንህ ነው።» ራት ላይ ሁለቱም ጥፍራቸው ውስጥ ግሪስ ይዘው ስለ ኩሽኔታ ያወራሉ፤ እኔ ጨው አቀብላለሁ። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። ቢሆንም ቀሚሷ ልኳ እየሆነ ነበርና ቅናቴን ዋጥኩት።

አንድ ቀን የጠጠሩ መንገድ አስፋልት ሊሆን ነው ተባለ። ከተማው በሙሉ ተደሰተ፤ ግራም ብቻውን ሐዘን ተቀመጠ። ቤተ ዘመድ የሞተበት መስሏቸው ሊያጽናኑት የመጡ ነበሩ። «አስፋልት ላይማ ማንም ይሄዳል!» ይላቸዋል። መዳመጫው መኪና ሳይደርስ እሄዳለሁ ብሎ ፈቃድ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም።

በዋዜማው ሻንጣዎቹን በር ላይ ደረደረና «እማማ፣ ፈተናው አልቋል፤ አመሰግናለሁ» አላት።

«ደግ» አለች እናቴ። ራት ቀረበ። ሾርባዋን ቀመስ አደረገችና ሳህኑን ገፋችው። «ይበቃኛል ልጄ።»

ቀና ስል ግራምም ሳህኑን እያየ ነው። በግራም የቀለለውን የሚያይ ሰው፣ ሳህኑ እንዳልቀለለ አይስተውም።

ጠዋት ሻንጣዎቹን ጭኖ ወጣ። ጥቂት እንደሄደ ዞሮ መጣና ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደገፈው።

«ይወዛወዛል» አለ፣ ጫማውን እያየ። «ሁሉን ያስተካከልኩት በእማማ ነው፤ በሻንጣ እሺ አይልም። ፈትቼ ላስተካክል ብል አስፋልቱ ይቀድመኛል።» መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ውስጥ ገባ። «እማማ፣ ይቅርታዎን…» ሲል ሰማሁት።

እኔ ልጅ ሳለሁ የወንድሜን ብስክሌት ሰርቄ ስነዳ ነው ያደግሁት። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ከነሻንጣው ወጣሁበትና እስከ መንገዱ ጥግ ሄጄ ተመለስኩ። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አንድ እጄን እንኳ ለቅቄ ሞከርኩት፤ ንቅንቅ አላለም።

ለኔ ስንኳ አንድ ግራም ጨምሮ የማያውቅ ሰው ዋሸ። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። መልሼ አጥሩ ላይ አስደገፍኩት።

ግራም ከቤት ወጥቶ ሻንጣዎቹን ፈታ። ያ ሁሉ መለዋወጫ፣ የትርፉ ትርፍ ሳይቀር፣ ሳሎን ወለል ላይ ቀረ። ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሶቹን፣ ውኃና ስንቅ ብቻ ከመሪው ፊት አሰረ። እናቴ ሻሿን አስራ ወጣች፤ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። እናቴ ሞኝ አይደለችም። እሱን ትታ እኔን አየችኝ።

«እስኪ አንቺ ንገሪኝ። ያለ እኔ እውነት ይወዛወዛል?»

ግራም ምንም ያልሆነውን ጎማ ጎንበስ ብሎ ይመረምራል። ጆሮው ቀልቷል።

«ሊጥለው ነበር» አልኳት።

ከዚያ ወንበር ሳበችና ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያውስ ቁርሴን ሳልበላ አልሄድም።»

እንቁላል ጠብሼ አመጣሁላት። ግራም ብስክሌቱን ይዞ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ጠበቃት።