አዲሱ መጥበሻ

ያንን ሥጋ ድስቱ ውስጥ ሲገለብጠው በዓይኔ አይቻለሁ። ስንት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ፣ ሲያትል ውስጥ አበሻ በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱክዊላ አፓርትመንት አብራኝ የተጋራችው ልጅ ሙስሊም ነበረች፣ የስልጤ ልጅ። ሥጋ በየድስታችን፣ ዓሣና አትክልት በጋራ፤ አንድም ቀን ተጋጭተን አናውቅም። ውጭ ግን አትበላም። «ምን እንደነካው በምን አውቃለሁ?» ትላለች። ሥራ ያገኘች ሰሞን ለምኜ ለምኜ የቻይኖች ሰፈር ወሰድኳት። ዋጋው የማይጎዳ ቤት ነው፤ ጠረጴዛው መሀል እሳት፣ እሳቱ ላይ ድስት፣ የፈለጉትን እየጨመሩ እዚያው ቀቅሎ መብላት ነው። መረቁ የአትክልት መሆኑን ጠይቄ አረጋገጥኩና ዓሣ፣ ጎመን፣ እንጉዳይ አዘዝን።

«እሺ፣ አንቺ ካልሽ» አለችኝ።

በመኪናው ያመጣን ታላቅ ወንድሜ ነው። እጇን ልትታጠብ ስትነሳ አስተናጋጇን ጠቀሳት፤ አንድ ሳህን ስስ የበሬ ሥጋ መጣለት። «ተው!» ብዬ ሳልጨርስ ገለበጠው።

«ምን ሆነሃል? አብደሃል እንዴ?»

«ኦኬ፣ ዝም በይ! አታውቅም። እዚህ አገር ሥጋ ሥጋ ነው።»

ሥጋ ሥጋ ነው! ገና ከወር በፊት እኔ ሥራ ሆኜ ቤታችን መጥቶ፣ ያቀረበችለትን ዶሮ ማተቡን ይዞ «የእስላም ሥጋ አይሆንልኝም» ያላት ማን ሆነና? እሷ ምስኪን ሳትቀየም ሱቅ ወርዳ፣ ሥጋ ያልነካው አዲስ መጥበሻ ገዝታ እንቁላል ጠበሰችለት። እሱም ጥርግ አድርጎ በላ። ሃይማኖት ለእሱ ብቻ የተሰጠ ይመስል!

እጇን በሹራቧ እያደረቀች መጣች። «ርቦኛል እኮ!» ብላ ጭልፋውን አነሳች።

እሳቱን አጠፋሁት። «እንዳትነኪ። ሥጋ ጨምሮበታል።»

ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር በእግሩ መታኝ። ይምታኝ!

ጭልፋውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። እኔን ሳይሆን እሱን ነው ያየችው።

«ጋሼ፣ መጥበሻው እኮ አለ» አለችው። «ሌላ ነገር አልሠራንበትም። ሲመጡ እንዳይቸገሩ ብዬ ለብቻው አስቀምጬልዎታለሁ።»

እሱ ድስቱን ያያል። እኔና እሷ ኮታችንን ለብሰን በአውቶቡስ ተመለስን። ሥጋውን ይብላ።