እሑድ የሄድንበት ሽምግልና

ወልዲያ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ ጌታቸው፣ የጎብዬ ገበሬ ልጅ፣ ከዱባይ የመጣው በአጭር ፈቃድ ነው፤ ረቡዕ ይበራል። የሮቢቷን ብርቄን ሳያስጠይቅ ከሄደ የሚመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እሱ እህቱ ቤት ቀረ፤ እኔ ሽማግሌ ሆንኩለት፤ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጎብዬ፣ 1 ሰዓት

ሌሊቱን ዘንቦ አስፋልቱ ገና አልደረቀም። አብረውኝ የሚሸመግሉት የጌታቸው ጎረቤት ጋሽ እንድሪስ ሻይ ቤት ፉል አዝዘው ጠበቁኝ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ዛሬ እሑድ፣ ነገ ሰኞ ማርያም፣ ሁለቱም ቀን ዝግ ነው ብዬ ከእቅዴ ሰርዣቸው እንደነበር ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«እንዴ ወንድሜ፣ ገበሬ በሥራ ቀን ቤቱ ይገኛል? ክርስቲያኑን የምታገኘው በበዓል ነው፤ እኔን ደግሞ አርብ።»

ሮቢት፣ 2 ሰዓት ተኩል

በሩን የከፈተችው ራሷ ብርቄ ናት። አባቷ አቶ ካሳዬ የሉም፤ ቆቦ ማኅበር ሄደዋል። በዓሉ እኛን ብቻ አይደለም ለካ ከቤት ያወጣው። ለምን እንደመጣን ገብቷታል፤ አንገቷን ደፍታ፣ «ባጃጅ አይጠፋም፤ አሁን ከሄዳችሁ ትደርሱባቸዋላችሁ» አለችን። ወደድኳት።

ቆቦ፣ 4 ሰዓት

አቶ ካሳዬን ከማኅበሩ ቤት ሲወጡ አገኘናቸው። ጋሽ እንድሪስ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ለልጃችን ለጌታቸው ልጅዎን ልንጠይቅ መጥተናል» አሉ።

ሰውየው ሰማዩን አዩ፣ እኛን አዩ።

«በሰው ደጃፍ ልጅ አይጠየቅም። ነገ ዘመድ እቤቴ ይመጣል፣ አማክራለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ኑ፤ በሬ አላወጣም።»

በትሕትና ተሰናብተውን ሄዱ። እኔ ግን ከፋኝ፤ ረቡዕ ለሚበር ሰው ማክሰኞ ምን ያደርጋል? እንዴት ብዬ እንደምነግረው እየጨነቀኝ ለጌታቸው ደወልኩ።

«ማክሰኞ ኑ አሉ» አልኩት።

«ሌላስ?»

«በሬ አላወጣም አሉ።»



«በራሳቸው አፍ? እንዲህ ዘንቦ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን?»

«አዎ። ምነው?»

«እምቢ ለማለት በሬውን የሚያስር ገበሬ አለ እንዴ? እምቢማ ቢሉ እዚያው ደጃፍ ላይ ይጨርሱት ነበር። አንተ ምን ታውቃለህ፣ የከተማ ልጅ!»

እየሳቀ ጀምሮ ድምፁ ተሰበረ፤ ማልቀስ ጀመረ። ጋሽ እንድሪስ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና ቀስ ብለው፣ «በል ልጄ፣ ለእናትህ ደውልላት» አሉት።