ያልታጠበ አንሶላ

አልጋ አንጣፊዋ በአንድ ማረፊያ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት የሰው አንሶላ ስትገፍፍና ስታነጥፍ ኖራለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። የልጅቱ የመጀመሪያ ፅንስ በአምስት ወሩ በወባ ጨነገፈባት። ሁለተኛውን ስታረግዝ የልጅቱ ባል ለሥራ ሩቅ ሄዶ ስለነበር ወደ እናቷ ቤት መጣች። ስድስተኛ ወሯ ላይ እንደገና ብርድ ብርድ አላት። መድኃኒቱን ጨርሳ ዳነች፤ የእናትየው ልብ ግን አልተመለሰም።

የሚኖሩባት አንድ ክፍል ከረግረግ አጠገብ ናት። አጎበር አላቸው፤ ግን ቢምቢዎቹ ገና ሲመሻሽ፣ ልጅቱ እራት ስትበላ ይመጣሉ። እናት ቅጠል አጨሰች፤ ልጅቱን ሳል ያዛት። ወለሉን በበረኪና አጠበች፤ ሽታው ልጅቱን አስመለሳት፣ ቢምቢው ግን እንደ ቤተኛ ገባ ወጣ አለ።

አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ አንድ ነገር አስተዋለች። የታጠበው አንሶላ ላይ ቢምቢ የለም፤ ሰው ተኝቶበት የተገፈፈው ክምር ሲነሳ ግን ብን ይላል። ለርጭት የመጣውን የጤና ሠራተኛ ጠየቀችው። የሰው ላብና የእግር ሽታ ቢምቢን ከሩቅ እንደሚጠራ፣ እርጉዝ ደግሞ ትንፋሿም ሙቀቷም ስለሚበዛ ይበልጥ እንደምትስብ ነገራት። ስለ አጎበርና ስለ ኩሬ ማፋሰስም ብዙ አወራ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ አልሰማችውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጇን ጠዋት ማታ እያጠበች ንጹሕ ልብስ አለበሰቻት። ራሷ ገላዋን መታጠብ ተወች። ሲመሻሽ ልጅቱን አጎበር ውስጥ ታስገባና ቀኑን ሙሉ ጎማ ጫማ ውስጥ የዋለ እግሯን ባዶውን ዘርግታ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ቢምቢዎቹ መጡላት፤ አላባረረቻቸውም። ባልደረቦቿ አፍንጫቸውን ሲይዙ «ሽቶ ቀይሬ ነው» እያለች ታስቃቸዋለች።

ልጅቱ ተይ ብላ ለመነቻት።

«አንቺ ሁለት ነፍስ ነሽ፤ እኔ አንድ ነኝ» አለች እናት።

በሦስተኛው ሳምንት ወደቀች። የጤና ሠራተኛው ደሟን መርምሮ ወባ መሆኑን ነገራት፤ ያደረገችውንም ከራሷ ሰማ። «እናቴ፣ የታመመ ሰው የነከሰች ቢምቢ እኮ በሽታውን ይዛ ወደ ሌላው ነው የምትሄደው» አላት።

በዚያው ቀን ፍራሿን ይዛ ማረፊያ ቤቱ ዕቃ ክፍል ገባች፤ እስክትድን ቤቷ አልተመለሰችም። ወር ሳይሞላ ግን ልጅቱን ወባ ጣላት። ከማን እንደመጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ የጤና ሠራተኛውም ይህንኑ ነግሯታል። እናት ግን በራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳ ነበር።

ሕፃኗ ያለ ቀኗ ሆስፒታል ተወለደች፤ እፍኝ አትሞላም። ስድስት ቀን ተነፈሰች።

እናት ሆስፒታል ስትደርስ ወደ ልጇ አልጋ ለመቅረብ አልደፈረችም።

«ነይ እማ። ለእኔ ብለሽ ነው ያደረግሽው» አለቻት ልጅቱ።

«ለአንቺ ብዬ ምን አመጣሁልሽ?»

ልጅቱ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። እናትየው የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሳታስበው፣ የተጨማደደውን አንሶላ በእጇ ታቃና ጀመር።